ዓለምነው ለትያትር ዳኝነት የተፈተነበት ቀን ዜና

ስምዑ ወለብዉ፤ ስሙ፣ አስተውሉም። ይህ የዓመተ ዓለምነው ዜና ነው። ዓመቱን መንግሥት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ይለዋል፤ ካህናቱ ዘመነ ዮሐንስ ይሉታል፤ ጓዶች የዘመቻ ዓመት ይሉታል፤ ከቀበሌው ሱቅ ደጅ ለስኳር ተሰልፈው የሚውሉ የአራዳ ሴቶች ደግሞ ስሙ ሲነሣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኛ ግን፣ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ፣ ባለርስት ከርስቱ ተነቅሎ፣ ወንበር ሁሉ ባለቤቱን በለወጠበት በዚያ ዘመን፣ በጎንደር ከተማ ከወንበር ሁሉ በከበደው ወንበር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠው ዓለምነው ስለሆነ፣ ዓመቱን በእርሱ ስም ጠራነው፤ ቅር ያለው የራሱን ዜና መዋዕል ይጻፍ።

ዓለምነው ማነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ዓቃቤ ካርድ ዘሆስፒታል፣ የበሽተኛን ካርድ ከአቧራ መካከል ፈልጎ የማያጣ፣ ቁመተ ረጅም፣ ትዕግሥተ ብዙ፣ ድምፀ ለስላሳ የሆነ ሰው ነበረ። በመስኮቱ የሕመምተኛ ስም ሲጠራ የሚሰማው ስለሌለ የበሩ ዘበኛ ይደግምለት ነበር። ይህ ሰው ትያትርን እንደ ነፍሱ ይወድ ነበርና የቀበሌው የኪነት ቡድን ባሳየው ሁሉ ውስጥ ተሰልፏል፤ በአንዱ የበቅሎ የኋላ እግር ሆነ፤ በአንዱ ከመጋረጃ ጀርባ እንደ ዶሮ ጮኸ፤ በአንዱም ሬሳ ሆኖ ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው ተጋደመ፣ ሬሳነቱንም ሰው ሁሉ አደነቀለት። በመድረክ ላይ ግን እስከዚያች ዓመት ድረስ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም።

ክፋቱ፣ ሬሳ በሆነባት ዕለት አማቱ አያ የሻው ከማክሰኝት መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። አያ የሻው ክርክር እንደ ጠላ የሚጠማቸው፣ ጎልማሳነታቸውን ከሸንጎ ሸንጎ ሲዞሩ የጨረሱ፣ ሰውን በአንደበቱ የሚመዝኑ ያገር ሰው ናቸው። አማቻቸው በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ በቃሬዛ ሲወጣ ባዩ ጊዜ አማትበው ተነሥተው ሄዱ፤ በሚከተለውም የገበያ ቀን፣ ከወፍጮ ቤት ደጅ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «እኔ ልጄን ለሰው የዳርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለሬሳ ኖሯል» ብለው ዐወጁ። ቃሉ እዚያው ማክሰኝት ቢቀር ሸጋ ነበር፤ ነገር ግን በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ጎንደር ገባ። ከዚያ ወዲያ ዓለምነው ለአማቱ ቤት ድግስ ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወሬ ቢጀምር አያ የሻው ወደ ሌላው ዞረው ስለ ዝናብ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሹመትም ጭብጨባም አላማረውም፤ ያማረው አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ሲናገር፣ አያ የሻው ዝም ብለው እንዲሰሙት ብቻ ነበር። ይህ ነገር ከልቡ ገብቶ ያከስመው ጀመር፤ ሚስቱም ታውቅ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ኅዳር በገባ፣ ርእሰ ኪነት ጓድ ክንዱ፣ ካኪ ለባሹ፣ ድምፅ ማጉያ ጨባጩ፣ ከፒያሳ መካከል ቆሞ እንዲህ ሲል አስነገረ፦ «ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ለመጪው የየካቲት በዓል የአድኃሪውን ሥርዓት የፍርድ በደል የሚያጋልጥ ‹ያዘነበለ ሚዛን› የተባለ የችሎት ትያትር ይታያል። ጭሰኛም ጠበቃም ሞልቶናል፤ የቸገረን ዳኛ ነው። ችሎታ አለኝ የምትል የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ቀርበህ ተፈተን።»

ዓለምነው ይህን አዋጅ የሰማው ካልሲ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ ነበር፤ ካልሲውን ረስቶ ተመለሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ችሎት ሆነ። ወንበሩን ከሣጥን ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ፤ ድምፅ ያበጃል ብለውት ጥሬ እንቁላል በየጠዋቱ ጠጣ፤ ሥጋ የሰረቀችውን ድመት አስቀርቦ በገደብ ለቀቃት። ሚስቱ ውቢት፣ እመቤተ ጓዳ፣ አንደበተ ስለት፣ አንድ ጊዜ ከሳሽ፣ አንድ ጊዜ ተከሳሽ እየሆነች ወጡ እስኪያር ድረስ ተሟገተችለት። ሲፈረድባት ትስቅ ነበር፤ ሲፈረድላት ግን ትከራከር ነበር፤ አባቷን ወጥታ መሆን አለበት።

በዚያው ሳምንት ውቢት ጤፍ ልትሸምት ማክሰኝት ወረደች። አባቷም ከእህል ተራው መካከል አይተዋት፣ ሰው እየሰማ፣ «ሬሳሽን ማን እየጠበቀልሽ መጣሽ» ብለው አላገጡባት። ሸማቹም ነጋዴውም ሳቀ። ውቢት ይህን ጊዜ ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ቁናውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቃሏን ከፍ አድርጋ፣ «የሰማህ ስማ። ባሌ ዓለምነው የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎንደር አራዳ፣ በቀበሌው አዳራሽ በዳኝነት ወንበር ይቀመጣል። የሚናገር ሬሳ ማየት ያማረው ይምጣ» ብላ ዐወጀች። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ‹ትያትር› የምትለዋን ቃል ብቻ ንዴት ዋጠባት። እህሏንም ሳትሸምት በመጀመሪያው ማኪና ተመለሰች፤ ለባሏም ትንፍሽ አላለች።

እዚህ ላይ የንቡ ነገር ይነገራል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና። በመስከረም፣ አደይ በፈነዳ ጊዜ፣ የአያ የሻው ጎረቤት የአያ ውዱ ንብ ከቀፎው ኮበለለ፤ ሄዶም በአያ የሻው ዋንዛ ላይ አረፈ፤ እሳቸውም ቀፎ አጥነው አስገቡት። ያገሩ ልማድ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ ዐይኑን ሳይነቅል የተከተለው ንብ የትም ቢያርፍ የባለቤቱ ነው፤ ከዐይኑ የጠፋ ንብ ግን ላገኘው ነው። አያ ውዱ «ተከትዬዋለሁ» ይላሉ፤ ምስክር ግን የላቸውም። አያ የሻው «የዛፌ እንግዳ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤታቸው ሲከተል አዩ አላዩ እንደሆነ ግን አያነሡም። ነገሩ ከገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ቀርቦ ነበር፤ የሸንጎው እኩሌታ የአያ የሻው አበልጅ፣ እኩሌታው የአያ ውዱ ጋብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ማስቀየም ፈርተው በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይሰጣሉ። እንዲህ እንዳለ ነው የውቢት አዋጅ ከእህል ተራ የተሰማው።

አያ የሻው «ዳኛው አማቼ ነው፣ አይጨክንብኝም» ብለው በሆዳቸው ደስ አላቸው። አያ ውዱ ደግሞ «በሕዝብ ፊት ሬሳ ብሎ ለሰደበው ሰው ይህ ዳኛ አያዳላም» ብለው በሆዳቸው ደስ አላቸው። ሁለቱም ሹመቱን አመኑ፤ ምነው አያምኑ፣ በዚያ ዘመን ትናንት እረኛ የነበረ ዛሬ ሊቀ መንበር ሆኖ ያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እንደ አባቶች ሥርዓት የጋቢያቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ተቆራኝተው፣ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈሩ። አንዱ ሽንት ሲመጣው ሌላውም አብሮ ወረደ፤ ሹፌሩም ተማርሮ ቋጠሮውን ፈትተው እንዲሳፈሩ ቢለምን፣ ሁለቱም በአንድ ቃል «ከፍርድ በፊት አይፈታም» ብለው ዐወጁበት። በንብ ባይስማሙ በዚህ ተስማሙ።

በዚህ መካከል ዓለምነው ወደ አዳራሹ ይዘምት ነበር። ሰራዊቱም እንዲህ ነበረ፤ በፊት ግንባር ውቢት፣ ከሙሽርነቷ ወዲህ ያልወጣውን ጥለት ነጠላ ለብሳ፤ በቀኝ ክንፍ የሆስፒታሉ ዘበኛ፣ ድምፅ ቢጠፋ ሊደግም ዝግጁ ሆኖ፤ በግራ ክንፍ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ አብዮቱ እንዳይሰማ እያንሾካሾኩ ዳዊት እየደገሙ፤ በኋላ ደጀን የተፈረደባት ድመት፣ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ። ዓለምነው በመካከል፣ ከጎረቤት በተዋሰው ካባ ውስጥ ላብ አጥምቆት ይሄድ ነበር። ካባው አጭር ነበረ፤ ሱሪው ከታች ይታይ ነበር፤ ግን ደግ ቀን ነበረና ማንም አልሳቀም።

አስቀድሞ የተፈተነው ጓድ አስማረ ነው። መምህር ዘታሪክ፣ ሪዘ ልስልስ፣ ድምፁ ሲወጣ የመስኮት መስታወት የሚያንቀጠቅጥ፣ የኪነት ቡድኑ ዓምድ። ፈተናው ይህ ነበረ፤ ባለጉቦ ባላባት ይገባል፣ እጅ መንሻ ያቀርባል፣ ዳኛው ይቀበላል፣ በጭሰኛው ላይ ይፈርዳል። አስማረ በባዶ እጅ የቀረበለትን ባዶ ጉቦ በሁለት እጁ ሲቀበል፣ ክብደቱን ሲመዝን፣ ጣቱን ነክሮ ሲልስ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሆዱን ሲነካካ፣ ኮሚቴው ሁሉ ምራቁን ዋጠ። ጭሰኛውንም «ውጣልኝ» ሲለው ጭሰኛ ሆኖ የቆመው ልብስ ሰፊ ከልቡ ደንግጦ ወጣ። ኧረ ይህስ ተዋናይ ነው፤ ሐሰት አንጽፍም።

ከዚህ በኋላ ዓለምነው ተጠራ። ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ፣ ከወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ለድምፁ ብሎ የጠጣው እንቁላል ሁሉ ከዳው። ጓድ ክንዱ «ባላባቱ ይግባ» ብሎ አዘዘ። በሩም ተከፈተ። የገባው ግን ባላባት ሆኖ የተመደበው ሰው አልነበረም፤ አያ የሻውና አያ ውዱ ነበሩ፤ የመንገድ አቧራ ለብሰው፣ በጋቢ ተቆራኝተው፣ በአያ የሻው ክንድ ላይ ከዚያው ከንቡ የተቆረጠ አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጦ።

አማት ሲገባ አማች ይነሣል። ይህ ከሕግ በፊት የነበረ ሕግ ነው፤ የጎንደር ሰው ታሞ እንኳ ለአማቱ ክንዱን ተደግፎ ይነሣል። የዓለምነው እግር ሊነሣ ጀመረ፤ ዳኛ ደግሞ ለባለጉዳይ አይነሣም። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። ውቢት ከግድግዳው ሥር ሆና አባቷን ባየች ጊዜ የሠራችው ሥራ ገባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። አያ ውዱ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው «በሕግ አምላክ» አሉ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል፤ አዳራሹም ቆመ፣ በደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ጓድ ክንዱ ግን ደስታው ወሰን አጣ፤ ዓለምነው ለፈተናው ብሎ ከገጠር ድረስ ሰው ያስመጣ መሰለውና በጣቱ «ቀጥሉ» ብሎ ጠቀሰ።

ዓለምነው ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው። «ይህ ትያትር ነው፣ እኔም ዳኛ አይደለሁም» ሊል ይችላል። ይህን ቢል ግን አያ የሻው በባላንጣቸው ፊት፣ በከተማ ሰው ፊት፣ ጋቢያቸውን ቋጥረው ለትያትር የመጡ ሞኝ ይሆናሉ፤ አያ ውዱም ይህን ይዘው ማክሰኝት ቢገቡ አያ የሻው ከወፍጮ ቤት ደጅ ዳግመኛ አይቆሙም። ሬሳ ብለው የሰደቡት አማቱ አሳዘኑት። ስለዚህ ያጠናውን ሁሉ ከልቡ አውጥቶ ጣለ፤ በእውነት ሊፈርድ ቆረጠ።

አያ የሻው ማሰሮውን አምጥተው ከቀዩ ጨርቅ ላይ አኖሩት። አማት አማቹን ሲጎበኝ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እሳቸው እንደዚያ አሰቡት፤ ትንሽ ደግሞ እንደ ሌላም አሰቡት። ኮሚቴው አንገቱን አሰገገ፤ ጉቦ የሚበላበት ደቂቃ ይህ ነበረና። የማሩ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ዓለምነው አልመዘነም፣ ጣቱንም አልነከረም፤ የንቡን ሙግት ከውቢት ሰምቶ ነበርና፣ በለስላሳ ድምፁ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «ይህ ማር ነገሩ ያለበት ማር ነውና ከዳኛ ፊት ይነሣ። በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ከመሬት ይቀመጥ፤ እስኪፈረድ ማንም እጁን አያግባ።» ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ለመስማት ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። አያ የሻውም ለመስማት ወደ ፊት አዘነበሉ።

ከዚያ ሙግት ሆነ። አያ ውዱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ አያ የሻውም ስለ ቋጠሮው ግድ አብረው ተነሡ፤ አያ ውዱም እንዲህ አሉ፦

«በላ ልበልሃ፤
ዘርቶ ያልተኛ ሰው፣ አዝመራው የሱ ነው፤
ንቡን የተከተለ፣ ማሩ ለማነው?»

አያ የሻውም ጋቢውን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው መለሱ፦

«ተጠየቅ፤
መንገደኛ ደክሞት፣ ከደጄ ቢያድር፣
አብልቼ ላሳድረው፣ ወይስ ላባርር?»

ጓድ ክንዱ በደስታ ጭኑን መታ። የኮሚቴው ጸሐፊ መጻፉን ትቶ አፉን ከፈተ። አስማረ ብቻ ጥግ ቆሞ፣ ረዳት ይዞ መግባት ደንብ አይደለም ብሎ ለጎረቤቱ ያጉረመርም ነበር።

ዓለምነው ሁለቱን አስቀመጣቸው። ከዚህ ወዲያ አንድ ነገር መጠየቅ ነበረበት፤ የነገሩም ሥር እዚያ ነበረ፤ እያወቀው ፈራው። ቢጠይቅ አማቱ ይረታሉ፤ ባይጠይቅ ማንም አያውቅበትም። አማቱን ሊያዝ አፉ አልታዘዝ አለው፤ ‹አንተ› ቢል ነውር ሆነ፣ ‹እርስዎ› ቢል ማድላት መሰለው። ሁለቱንም ሸሽቶ እንዲህ ብሎ አዘዘ፦ «ተከሳሽ ይማል። ምሎም ይናገር፤ ንቡ ከዋንዛው ላይ ሲያርፍ ከሳሽን የት አየው?»

አያ የሻው ለመማል እጃቸውን አነሡ። «አላየሁም» ማለት ይበቃቸው ነበር፤ ምስክር የለ፣ ጽሑፍ የለ። ማሩን አዩ፤ አማቻቸውን አዩ፤ የሚረዳቸው ነገር ከዐይኑ ፈለጉና አጡ። ቀና ብለው ደረታቸውን ነፍተው፣ «የሻው ይሙት፤ አጥሬን ዘሎ፣ ጋቢውን ጋሬጣ ቀምቶት፣ ዐይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲሮጥ አይቼዋለሁ» ብለው ማሉ። አያ ውዱ እንኳ ይህን አልጠበቁም፤ አንገታቸውን ደፉ። ዓለምነውን ይህን ጊዜ እንባ ተናነቀው፤ ዳኛ አያለቅስምና ዋጠው።

ፍርዱም ይህ ነው፦ «ንቡ ከባለቤቱ ዐይን አልጠፋምና የውዱ ነው፤ ማሩም ንቡን ይከተላል። ቀፎው የየሻው ነውና ባዶውን ይመለስለት። የሻው በራሱ ላይ እውነት ስለ መሰከረ ኪሣራ አይከፍልም፤ ስሙም በዚህ ነገር በክፉ አይነሣ። ቋጠሮው ይፈታ።» ይህን ብሎ ከወንበሩ ጋር እንደ ተጣበቀ ቀረ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ ክንዱ ተነሥቶ፣ ዓለምነውንም ሁለቱን «የገጠር ተዋንያንም» በአብዮቱ ስም አመሰገነ። አያ የሻው ‹ተዋንያን› የምትለውን ሰሙ። አጨብጫቢውን አዩ፤ በግድግዳ የተለጠፈውን የትያትር ማስታወቂያ አዩ፤ አማቻቸው የለበሰውን አጭር ካባ አዩ፤ ሁሉም ገባቸው። ቋጠሮውን በራሳቸው እጅ ፈቱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ውቢት እስከ አውቶቡስ ተራ ተከተለቻቸው፤ ዞረው አላዩዋትም። አያ ውዱ ማሰሮውን ታቅፈው፣ ይደሰቱ ይፈሩ ጨንቋቸው፣ ከኋላ ኋላ ሄዱ።

ኮሚቴውም ከተመካከረ በኋላ ጓድ ክንዱ ውሳኔውን እንዲህ ሲል አነበበ፦ «የጓድ ዓለምነው ዳኝነት እጅግ ያማረ ነበረ። ነገር ግን የትያትራችን ዳኛ ጉቦ በልቶ ድሃ የሚበድል አድኃሪ ነው። ጓዱ ግን ማር ቀርቦለት አልላሰም፤ ተሳስቶ እንኳ አላዘነበለም። እንዲህ ያለ ዳኛ በባላባቱ ዘመን ነበረ ብለን ሕዝብ ፊት ብናቀርብ የፖለቲካ ስሕተት ይሆንብናል። ስለዚህ ዳኛው ጓድ አስማረ ይሁን፤ ጓድ ዓለምነው ጦር ይዞ የችሎቱን በር ይጠብቅ። ለበር ጠባቂ የተጻፈ ቃል የለም።» ዓለምነውም እጅ ነሥቶ ተቀበለ፤ ምን ያድርግ።

ወእምዝ ክፉ ወራት መጣ። ወንበሩን አጣ፣ አማቱንም አጣ። ውቢት «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አለቀሰች፤ እሱም «ንቡ የውዱ ነበረ፣ ሌላ ምን እል ነበር» ብሎ አጽናናት፣ ሲያጽናናት ግን እሱም ባሰበት። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ከማክሰኝት አንድም ሰው «ደኅና ናችሁ ወይ» ብሎ አልላከባቸውም። በሆስፒታሉ መስኮት ድምፁ ከቀድሞውም ዝቅ አለ።

በየካቲት በበዓሉ ቀን አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጣ ትልቅ ካድሬ ከፊት ተቀመጠ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል ከኋላ ትርምስ ሆነ፤ የማክሰኝት ገበሬዎች ዱላና ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ፤ ከመካከላቸውም አያ የሻው ነበሩ፣ በአጠገባቸው አያ ውዱ፣ ያለ ቋጠሮ። ዓለምነው በመድረኩ በር ጦሩን ይዞ ተገትሮ አያቸው፤ ሊሰድቡት የመጡ መሰለውና ጦሩን ወደ ራሱ አስጠጋ።

ትያትሩ ሄደ። አስማረ በወንበሩ ተንፈላሰሰ፤ ባላባቱ አንድ ቅል ቅቤ አቀረበ፤ አስማረም መዘነ፣ ጣቱን ነከረ፣ ላሰ፣ የጭሰኛውንም መሬት ለባላባቱ ፈረደ። ጭሰኛው ወድቆ ሲያለቅስ፣ ከአዳራሹ መካከል አያ የሻው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ «በሕግ አምላክ» አሉ። አስማረ ጣቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አያ የሻውም በሙሉ ድምፃቸው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ሕዝብ ሆይ፣ ስማኝ። ይህ ትያትር መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለፈው አላወቅሁም ነበር፣ ዛሬ አውቃለሁ። ይህ ድሃ ግን ተበድሏል፣ ትያትርም ቢሆን አንጀቴ አልቻለም። ይግባኝ ብዬለታለሁ። ይግባኜም ጦር ይዞ በሩ ላይ ለቆመው ዳኛ ነው። እሱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማሬን አልበላም፣ አማቴ ነው ብሎ አልራራልኝም፤ በፊቱ ተረትቼ፣ ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ፍርዱ እውነት ነበረና ንቡን ከነማሩ ለውዱ አስረክቤያለሁ። ሬሳ ያልኩት አፌ ነው የሞተ።» አያ ውዱም «እውነት ነው፣ ተረክቤያለሁ» ብለው መሰከሩ። የማክሰኝት ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ዞረ፤ የጎንደርም ሰው ዞረ፤ ካድሬውም ዞረ።

ለበር ጠባቂ የተጻፈ ቃል አልነበረም። ዓለምነው ጦሩን ከግድግዳው አስደገፈ፤ አዳራሹም ለመስማት ወደ ፊት አዘነበለ። «ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል» አለ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ። «መሬቱ የአራሹ ነው። ዳኛውም የላሰውን ቅቤ ይመልስ።» አስማረ በእውነት እንደ ተፈረደበት ሰው ቅሉን በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፋ። ካድሬው የትያትሩ መጨረሻ እንዲህ የተጻፈ መስሎት ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ካድሬ ካጨበጨበ ደግሞ ማን ይቀመጣል፤ ጓድ ክንዱም ከመጋረጃው ጀርባ ላቡን ጠርጎ አብሮ አጨበጨበ። አያ የሻው ግን አላጨበጨቡም። በሰው መካከል አልፈው ከመድረኩ ሥር ደረሱ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ፤ የተረታ ሰው ለዳኛው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አማት ለአማች እንዲህ ሲያደርግ በበጌምድር አልታየም። ዓለምነውም ዘሎ ወርዶ ከእሳቸው ባሰ ዝቅ አለ፤ ከእንግዲህ ማንም ዳኛ አይደለህም አይለውምና እንደ ልቡ አለቀሰ።

እነሆ ዓለምነው፣ ዓቃቤ ካርድ፣ መኰንነ ንብ፣ ማር ያላሸነፈው፣ አማት ያላስነሣው፣ ለዳኝነት ተፈትኖ የወደቀ፣ ወድቆም የፈረደ፤ ክብር ለድምፀ ለስላሳው፣ ምስጋና ለአንደበተ ስለቷ ሚስቱ፣ ዕድሜ ለተረቱትም ለረቱትም። ዛሬም በማክሰኝት፣ መንገደኛ አያ የሻውን የማን ዘመድ እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ አባታቸውን አያነሡም፣ አያታቸውንም አይቆጥሩም። ዱላቸውን ተክለው፣ ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቀው፣ «እኔ የፈረደብኝ ሰው አማት ነኝ» ይላሉ።